በ16 ሺህ ዶላር ቅንጡ መኪና? አይኤልኤክስ፣ ሲኤልኤ፣ ኤ3 እና የአባት ኮሮላ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ ናት። የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ቤልትዌይ በሚሉት የዋሽንግተን ዙሪያ መንገድ፣ በ495፣ ትመላለሳለች፤ እሑድ እሑድ እናትና አባቷን ከኋላ ጭና ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። በጀቷ 16 ሺህ ዶላር ነው፤ 4 ሺውን በእጇ ይዛለች፣ 12 ሺው ብድር ነው። አባቷ ኮሮላ ግዢና እረፊ ብለዋታል። እሷ ግን ከኮሌጅ ጀምሮ የነዳችው ኮሮላ ሰልችቷታል። መቀመጫው ቆዳ የሆነ፣ መንገድ ላይ የማይጮህ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ስትገባበት ደስ የሚላት ነገር ትፈልጋለች። ዓይኗ ያረፈው በሦስት መኪኖች ላይ ነው፤ የ2019 አኩራ አይኤልኤክስ (አኩራ የሆንዳ ቅንጡ ምርት ስም ነው)፣ የ2018 መርሴዲስ ሲኤልኤ 250 እና የ2018 አውዲ ኤ3። ከሦስቱ ኪስ ሳያራቁት ቅንጡ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች።

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ በጣም ረዝሟል፤ መሃል ላይም ወደ ቨርጂንያ ግብርና ወደ አዲስ አበባ ተሻግሯል። ያንኑ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲያመች በተራ ቁጥሩ እተርከዋለሁ። ዝም ብዬ ግን አልተርክም፤ ባልተስማማሁበት ቦታ ጣልቃ እገባለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከዳላስ ነው። ሰውዬው በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ፣ ለሙያዋም አመስግኗት፣ ከዚያ አይኤልኤክስን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጣለው፤ ከረባት ያሰረ የሆንዳ ሲቪክ ነው ባይ ነው። ለአርማው ብላ ተጨማሪ ከምትከፍል ራሱን ሲቪኩን ገዝታ የቀረውን እንድታስቀምጥ መከራት።

2ኛው ያንኑ አባባል ተቀብሎ ገለበጠው። የሲቪክ ዘር መሆኑን አውቆ እንደገዛው ጻፈ። ፍሬን ሸራውን፣ ፊልትሩን፣ የፊት እግሩን ማንኛውም የሠፈር መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም በየሱቁ ይገኛል። 140 ሺህ ማይል ሲደርስ ከዘይት፣ ከጎማ፣ ከፍሬንና ከአንድ ባትሪ በቀር ያወጣበት ገንዘብ የለም።

እኔም የቆምኩት ከ2ኛው ጋር ነው። ያገለገለ ቅንጡ መኪና በዚህ በጀት ሲገዛ የመግዣው ዋጋ ከኮሮላ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ኋላ ጋራዥ ሲገባ ነው የሚታየው። አንድ መርሴዲስ በአምስት ዓመቱ ዋጋው ስለወደቀ የፍሬኑ ዲስክና የሴንሰሩ ዋጋ አብሮ አይወድቅም። ስለዚህ 1ኛው እንደ ስድብ የወረወረው ቃል ለእንደዚህች ዓይነት ገዢ ዋናው ምክር ነው።

3ኛው የእርማት ሰው ነው። ሲቪክ ሲቪክ ስትሉ የትኛውን ነው ብሎ ጀመረ። አይኤልኤክስ በ2013 ሞዴል ሲወጣ የተሠራው በ9ኛው ትውልድ ሲቪክ መሠረት ላይ ነበር። ሲቪክ በ2016 ሞዴል ወደ አዲስ መሠረት ሲሸጋገር አይኤልኤክስ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 2022፣ በድሮው ቀረ። ስለዚህ የ2019ኙ ፊቱ ታድሶ፣ መብራቱ አምሮ ቢመጣም ከሥሩ ያለው ከጎኑ ከቆመው የዚያው ዓመት ሲቪክ ያረጀ ንድፍ ነው። ሞተሩንም ዘረዘረ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ምርጫ ነበር፤ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው 2.0 ሊትር፣ 201 ጉልበት ያለው 2.4 በባለ 6 ማንዋል ብቻ፣ እና 111 ጉልበት ያለው ሃይብሪድ። ከ2016 ወዲህ አንድ ብቻ ቀረ፤ 201 ጉልበት ያለው 2.4 ሊትር፣ ከባለ 8 ማርሽ ድርብ ፍሪሲዮን ካምቢዮ (ሁለት ፍሪሲዮን ያለው አውቶማቲክ) ጋር። ፋብሪካውም በመጀመሪያ ኢንዲያና ግሪንስበርግ፣ ኋላ ኦሃዮ ሜሪስቪል። የመምህርነት ቃና ነበረው፤ ያለው ነገር ግን አንድም አልተሳሳተም። እኔ የምጨምረው፣ ንድፉ ያረጀ ስለሆነ በሽታውም ሁሉ የታወቀ መሆኑን ነው። የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው አዲስ ነገር የሚፈተንበት መኪና አያስፈልግም።

4ኛው የኤ3 ባለቤት ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ። ስለ ውስጡ ሲጽፍ ልቡ ሞቀ፤ ሞተር ሲነሣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ብቅ ስለሚለው ስክሪን፣ በሩ ሲዘጋ ስለሚሰማው ድምፅ፣ ስለ መቀመጫው ስፌት። ወዲያው ግን እሮሮውን አስከተለ። የሸጠለት ዲለር የካምቢዮው ዘይት በየጊዜው እንደሚቀየር ሳይነግረው ቀርቶ፣ ማርሹ መንገጫገጭ ሲጀምር ነው የሰማው። 5ኛው ለነገሩ ሳይሆን ለቀልድ ገባ። የጀርመን ሥራ የጀርመን ሥራ የምትሉት ሁለቱም መኪና የሚገጣጠመው ሃንጋሪ ነው፤ ኤ3 ሰዳን ዤር ከተማ፣ ሲኤልኤ ኬችኬሜት። እውነት ነው፤ ግን የፋብሪካው ከተማ ለጥያቄዋ ምንም አይጨምርም።

6ኛው ማስፈራሪያ ይዞ መጣ። 100 ሺህ ማይል ሲሞላ የሞተሩን ቺንጋ ካላስቀየረች ሞተሩን እንደምትቀብረው፣ እሱ ራሱ ለዚህ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ እንደከፈለ ጻፈ። 7ኛው ምንም ሳያለሳልስ መለሰለት። የአይኤልኤክስ 2.4 ሞተር ያለው ካቴና ነው፣ በቀጠሮ የሚቀየር ቺንጋ የለውም፤ ሰው ከማስፈራራቱ በፊት ኮፈን ከፍቶ ማየት ይልመድ አለ። 8ኛዋ አበረደችው። 6ኛው ወንድማችን የነበረው ምናልባት አኩራ ቲኤል ይሆናል ብላ ገመተች፤ የዚያ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተር በእርግጥም ቺንጋ አለው፣ መቀየርም አለበት። 9ኛው ላይ ሰውዬው ተመልሶ ቲኤል እንደነበረው አረጋገጠ፤ በ7ኛው አነጋገር ግን ተቀይሞ ከክሩ ወጣ።

ካቴና ነው ማለት ግን አይነካም ማለት አይደለም። ዘይት ጎድሎ የሚነዳ ሞተር ካቴናውም ይረዝማል። በሆንዳ 2.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ደግሞ የሚታወቅ ነገር አለ፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ የሚያንቋቋ ድምፅ ይሰማል። ወዲያው የሚገድል በሽታ ባይሆንም ጥገናው ገንዘብ ይጠይቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አይሰማም፤ ስለዚህ ዲለሩ ቀድሞ አሙቆ ካቆየው ምንም አታውቅም። ይህን ከመልሶቹ ማንም አላነሣውም ነበር።

10ኛዋ ከሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ ናት፤ ጥያቄዋ በረዶ ነው። አይኤልኤክስ ከፊት ጎማው ብቻ ነው የሚገፋው፤ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ሞዴል ኖሮት አያውቅም። ሲኤልኤም ኤ3ም በአራት ጎማ የሚሠራ አላቸው። ነርሷ በረዶ ቢዘንብም ሥራ መቅረት እንደማትችል አስታወሰቻት። ነጥቡ ጥሩ ነው፤ ሜሪላንድ ግን ሚኒሶታ አይደለችም። ሁለት ጥንድ ደህና የክረምት ጎማ ከአራት ጎማ ግፊት በርካሽ ያወጣታል።

11ኛው በክሩ ውስጥ የሰውን አሳብ ያስቀየረ መልስ ነው፤ የጻፈችውም እናቷን በሲኤልኤ የምታመላልስ ሴት ናት። የሲኤልኤ ጣሪያ ወደ ኋላ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ለዓይን ማራኪ ነው። ነጠላ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ለሚገቡ እናት ግን የኋላው በር መቃን ግንባር ላይ ነው የሚመጣው። እናቷ አሁን ከፊት ይቀመጣሉ፤ አባቷ ከኋላ አንገታቸውን ሰብረው። አይኤልኤክስም ከኋላ ሰፊ እንዳይመስላት አስጠንቅቃለች፤ የእግር ቦታው 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአዲሱ ሲቪክ ግን 37.4 ኢንች አለ። ፖርቶባጋሊዮውም 12.3 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ለኤርፖርት ከያዘ በቂ ነው ባይ ናት። ጣሪያው ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ መግባትና መውጣቱ እንደማይቸግር ጨመረች።

12ኛው ሒሳበኛ ነው። የአይኤልኤክሱ 2.4 ሞተር የሚመከርለት ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ነው፤ ሲኤልኤም ውዱን ቤንዚን ነው የሚጠጣው። በዓመት 12 ሺህ ማይል ብትነዳ፣ በአማካይ በጋሎን 28 ማይል ቢሄድላት፣ 430 ጋሎን ገደማ ትፈልጋለች። በውዱና በተራው ቤንዚን መካከል በጋሎን 80 ሳንቲም ልዩነት ቢኖር በዓመት ወደ 340 ዶላር ነው። ለአንዱ ይህ ምንም አይደለም፤ ለሌላው የአንድ ወር የመኪና ክፍያ ነው። 13ኛው በአንድ መስመር፣ እሱ ሁልጊዜ ተራውን 87 እንደሚሞላና ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። ሞተሩ ራሱን አስተካክሎ ይሄዳል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሲኤልኤ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እህቴ፣ ወንድሜ እየተባባለ ነበር። 14ኛው ላይ ከረረ። ሲኤልኤ የሚነዱ ሀበሾች ኢንሹራንስ መክፈል አቅቷቸው አርማ የሚከራዩ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ መርሴዲስ ለመባል የሲኤልኤ ባለቤት ከመሆን ኮሮላ ይሻላል አለ። 15ኛው የሲኤልኤ ባለቤት ነው፤ ሌሊት ኡበር እየሠራ፣ ቀን እየተማረ በላቡ የገዛው መኪና መሆኑን፣ ማንንም የኪሱ ቆጣሪ አድርጎ እንዳልቀጠረ መለሰ። 16ኛው 14ኛውን ዲለር ነህ፣ የምትሸጠው አኩራ አለ ብሎ ከሰሰው። 17ኛው ተሰርዟል፤ የመድረኩ አስተናጋጅ በቁጥሩ ቦታ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የተወው።

ከስድቡ ሥር አንድ እውነት ግን ነበር። የ2018 ሲኤልኤ 250 ባለ 2 ሊትር ቱርቦ፣ 208 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ከአይኤልኤክስ የሚበልጠው በ7 ብቻ። ቱርቦው ግን ከታች ጀምሮ ስለሚጎትት የሚሰማው ልዩነት ከቁጥሩ ይሰፋል። ችግሩ የሚመጣው በቤልትዌይ ትራፊክ ውስጥ ነው። የሲኤልኤ ካምቢዮ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ በቀጥታ ይይዛል፤ ቆም፣ ነሣ፣ ቆም፣ ነሣ ሲባል መንቀጥቀጥ አለበት። ሆንዳ በባለ 8 ማርሹ ድርብ ፍሪሲዮን ላይ ቶርክ ኮንቨርተር (ግፊቱን በዘይት የሚያስተላልፍ) ጨምሮበታል፤ ስለዚህ ሲነሣ እንደ ተራ አውቶማቲክ ይለሰልሳል። በፈጣን መንገድ ጀርመኑ ይበልጣል። በ495 በጠዋት፣ ከሥራ ወጥቶ እንቅልፍ እየታገለ ለሚነዳ ሰው ግን አይኤልኤክሱን እመርጣለሁ።

18ኛው ማዝዳ 3ን ይዞ መጣ፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ተሻሻለ። የ2019 ማዝዳ 3 ሰዳን 2.5 ሊትር፣ 186 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ የተለመደው አውቶማቲክ ነው፤ ተራውን 87 ቤንዚን ይጠጣል፤ በአራት ጎማ የሚሄድም አለው። ውስጡን ካየ በኋላ ወደ አኩራ መመለስ እንዳቃተው ጻፈ። 19ኛው የኋላ ወንበሩ እንደ አይኤልኤክስ ጠባብ መሆኑን፣ የኋላ እይታውም እንደሚከብድ አስታወሰው። 20ኛው ቡዊክ ቬራኖ ቢባል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ርካሽም ነው አለ፤ ከ2017 በኋላ አሜሪካ ስላልተሸጠ የሚገኘው አሮጌ ብቻ ነው፤ ማንም አልተከተለውም። 21ኛው ደግሞ የአይኤልኤክስ ምትክ ሆኖ በ2023 የመጣውን ኢንቴግራ ጠብቂ አላት፤ ባለ 1.5 ቱርቦ፣ 200 ጉልበት፣ ያን ዓመት የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና የተባለው ነው። ሲወጣ መነሻ ዋጋው ከ30 ሺህ በላይ ነበር። በ16 ሺህ በጀት ለመጣ ሰው ጠብቂ ማለት ምክር አይደለም።

ማዝዳው ግን የእውነት ተፎካካሪ ነው። እኔ ብጠየቅ አይኤልኤክስንና ማዝዳ 3ን አስቀርቼ ጀርመኖቹን ከዝርዝሩ አወጣቸዋለሁ። ጀርመኖቹ መጥፎ መኪና ስለሆኑ አይደለም፤ ይህ በጀት መግዣቸውን እንጂ ማኖሪያቸውን ስለማይችል ነው።

22ኛው ብድር ላይ ተናገረ፤ አጭርና ጠቃሚ ነው። 12 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ72 ወር ብትወስድ በወር 216 ዶላር ገደማ ትከፍላለች፤ በ48 ወር 299 ገደማ። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ በጠቅላላው ግን ወደ 1,240 ዶላር ይበልጣል። ዲለሩ በወር ስንት ትችያለሽ ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዳትሰጠው፣ ወሬውን ሁሉ በመኪናው ጠቅላላ ዋጋ ላይ እንድታደርግ፣ ከመሄዷም በፊት ከክሬዲት ዩኒየን የተፈቀደ የብድር ወረቀት እንድትይዝ መከራት።

23ኛው የዉድብሪጅ ሰው ነው፤ ለምን ወደ ቨርጂንያ አትመጪም ሲል ቀለደ። 24ኛው ከቨርጂንያ ጮኸ፤ በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ የሚከፈለውን የንብረት ግብር አላወቅህም ወይ ብሎ። 25፣ 26፣ 27ኛው ሁሉም ቨርጂንያውያን ናቸው፤ ማን ምን ያህል እንደከፈለ እያነጻጸሩ አለቀሱ። 28ኛው የሜሪላንድ ሰው ዓመታዊ የመኪና ግብር እንደሌለባቸው ደረቱን ነፍቶ ተናገረ። 29ኛው ደረቱን አስተነፈሰው። ሜሪላንድ መኪና በስም ሲዛወር የምታስከፍለው ግብር ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከ6 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ቨርጂንያ 4.15 በመቶ ነው። በ16 ሺህ ዶላር መኪና ላይ 1,040 በ664 ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ሜሪላንድ ላይ ሲዛወርም የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት።

ወሬው ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ጠያቂዋን በቀጥታ ይነካታል። 16 ሺህ አለኝ ስትል 1,040ውን አላሰበችውም ነበር። 16 ሺው በእርግጥ 15 ሺህ ገደማ የሚሸጥ መኪና የሚገዛ ነው፤ ጎማና የመጀመሪያ ጥገና ሲታሰብ 14 ሺህ።

30ኛው ኋላ ስትጨርሽበት ለዘመድ ወደ አገር ቤት ትልኪዋለሽ አለ። 31ኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ሳቀበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም ላረጁ መኪኖች ኤክሳይዝ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። አሁን መንገዱን የሞላው ቢዋይዲና የመሳሰለው ኤሌክትሪክ ነው። 32ኛውና 33ኛው መብራት ሲጠፋ እንዴት ይሞላል በሚለው ተጨቃጨቁ፤ አስተናጋጁ ሌላ ክር ክፈቱ እስኪል ድረስ።

34ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የዲሲ ታክሲ ሾፌር ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔም ከክሩ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እሰጣለሁ። ጋሼ ስለ ምርት ስም አልተጨነቁም። የትኛውንም ምረጪ፣ መኪናውን ማየት እወቂ የሚል ነው ሐሳባቸው።

በቀን ብርሃን እንድትሄድ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን እንዳትሄድ አዘዙ፤ እርጥብ ቀለም ሁሉ አዲስ ይመስላል። ስትደርስ መጀመሪያ እጇን ኮፈኑ ላይ ታሳርፍ፤ ሞቆ ከጠበቃት ለምን እንደሞቀ ትጠይቅ። ከዚያ ጎማው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ታንብብ፤ 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አራቱ ጎማ አራት ዓይነት ስም ካላቸው የቀድሞው ባለቤት ሲጎድል ብቻ የሚጥል ሰው ነበር፤ ዘይቱንም እንደዚያው አድርጎት ይሆናል። ቀጥሎ በሮቹንና ኮፈኑን ዞር ብላ ክፍተታቸውን በጣቷ ትለካ፤ አንዱ ጋ ጠቦ ሌላው ጋ ከሰፋ ተነካክቷል። ኮፈኑን ትክፈትና የፊት መከለያውን የያዙትን ብሎኖች ራስ ትይ፤ ቀለማቸው ከተላጠ ቁልፍ ገብቶባቸዋል፣ መኪናው ከፊት ተመትቶ ነበር። ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ አንሥታ ትዳስስ፤ እርጥብ ከሆነ የጣሪያው ውሃ ማውረጃ ተደፍኗል።

ሲነዳ ደግሞ በመጀመሪያ ፓርኪንጉ ውስጥ በእግር ፍጥነት ትሂድ፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ እያለዋወጠች። ድርብ ፍሪሲዮን ያለበት መኪና በሽታውን የሚያሳየው እዚህ ነው እንጂ በፈጣን መንገድ አይደለም። ኋላ በ60 ማይል ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ትንካ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። በመጨረሻ ሻጩን ለማያውቅ መካኒክ ከፍላ ታስመርምረው። ሻጩ እምቢ ካለ ደህና ዋል ብላ ትሂድ።

35ኛው በጋሼ ላይ የጨመረው አንድ ነገር ነው፤ በሆንዳና በአኩራ ኳድሮ ላይ የሚመጣውን የጥገና ኮድ ማንበብ። ኤ የዘይት ቅያሪ ነው፤ ቢ ዘይትና ፊልትር ከፍሬን ምርመራ ጋር፤ 1 ጎማ ማዘዋወር፤ 3 የካምቢዮ ዘይት። ቢ13 ብሎ ከታየና ሻጩ ምንም አይደለም ካለ፣ የካምቢዮው ዘይት ጊዜው ደርሷል፣ ሒሳቡም ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ካምቢዮው የራሱ ዓይነት ዘይት ስላለው ያገኘውን የሚያፈስ ጋራዥ እንድትሸሽም አሳሰበ። ሻጩ ኮዱን ያለ ሥራ ሊያጠፋው እንደሚችል ግን አልተናገረም፤ ደረሰኝ ጠይቁ።

36ኛዋ ሌላ አንባቢ ናት፤ ገንዘብ ስላነሳት የ2014 አይኤልኤክስ እያየች ነበር። 37ኛው ከ2013 እስከ 2016 ያለው አይኤልኤክስ በታካታ ኤርባግ ሪኮል (አምራቹ ለጥገና በጠራቸው መኪኖች) ውስጥ መሆኑን ነገራት። በመስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ቪን የሚባለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ካስገባች፣ መሠራት አለመሠራቱን በነፃ ታያለች፤ ካልተሠራም ዲለሩ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ያልተሠራ ከሆነ አትንጂው ብሎ ነው የቋጨው፤ ልክ ነው። የ2019ኙ በዚህ ውስጥ የለም። አኩራዋች የሚባለው፣ ግጭት ሲቃረብ ራሱ ፍሬን የሚይዘውና መስመር የሚጠብቀው የደኅንነት ጥቅልም በ2019 በሁሉም አይኤልኤክስ ላይ መደበኛ ሆኗል። ሌሊት ለምትነዳ ሰው ይህ ከቆዳ መቀመጫው ይበልጣል።

38ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። አባቷን ይዛ ሁለት ዲለር ዞራለች። ሲኤልኤውን እናቷ ከገቡበት በኋላ መውጣት ስላስቸገራቸው እዚያው ትታዋለች። አይኤልኤክሱ ላይ የጋሼን ትምህርት ሞክራ የፊት መከለያው ብሎኖች ተላጠው፣ የቀኝ በሩ ቀለም ከሌላው ጠቆር ብሎ አገኘችው፤ ሻጩ መካኒክ ጋ ለመውሰድ አልፈቀደላትም፤ ጥላው ወጣች። አባቷ መንገዱን ሙሉ ስለ ኮሮላ አላወሩም፤ ቤት ሲደርሱ ግን ስልካቸው ላይ የማዝዳ 3 ዋጋ ሲፈልጉ አግኝታቸዋለች። አሁን ሌላ አይኤልኤክስና አንድ ማዝዳ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛለች። 39ኛውን የጻፈው ያው 7ኛው ሰው ነው፤ በዚያ በሻካራ አፉ፣ ያንን መኪና ጥለሽ በመውጣትሽ ከክሩ ውስጥ ትምህርት የገባው አንድ ሰው ተገኘ አላት። ከእሱ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

40ኛው መልስ የለሽ ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል፤ ኤ-ስፔክ የሚባለው አይኤልኤክስ ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ እኔ ልመልሰው። ኤ-ስፔክ አንድም የፈረስ ጉልበት አይጨምርም፤ ያው 201 ነው። የሚጨምረው መልክ ነው፤ ባለ 18 ኢንች ጎማ፣ ከኋላ ክንፍ፣ ጠቆር ያሉ ጌጦች። ባለ 18ቱ ጎማ ሲቀየር ከባለ 17ቱ ይወደዳል፤ ጎኑ አጭር ስለሆነ የቤልትዌይን ጉድጓድ ለመቀመጫው ያስተላልፋል፣ ቸርኬውንም ቶሎ ያጣምማል። በተመሳሳይ ዋጋና ማይል ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆሙ ተራውን ውሰዱ። ስልካችሁን ሰክታችሁም ስልኩን በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያመጣው ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ መነሣቱን እዚያው አረጋግጡ፤ እንደ ደረጃው አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም፤ የሻጩ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር አይገጥምም።